የፔጆ 404 ቀለም እስከ ላሜራው ለማስለቀቅ፦ ፍሌክስ፣ ማስለቀቂያ ኬሚካል ወይስ ሳንድብላስት?

ሐረርን ያለ ፔጆ 404 ማሰብ ይከብዳል። ፈረንሳዮች መኪናዋን እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ አቀረቧት፤ ሐረር ደግሞ ታክሲ አድርጋት ስንቱን ትውልድ አመላለሰችበት። አንዷን ገዝቶ ወደ ጥንት መልኳ ለመመለስ ያሰበ ሰው ታዲያ ሥራው የሚጀምረው ቀለም ከማስለቀቅ ነው። በታክሲነት ዘመኗ ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦባታል፣ በየግጭቱም የጎደጎደውን ለመሙላት ስቱኮ ተለጥፎባታል። ላሜራው ጤነኛ ይሁን የበሰበሰ የሚታወቀው ያ ሁሉ ሲነሳ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። መኪናዋን ሙሉ በሙሉ በአንድ መንገድ ብቻ አታስለቅቁ። የሚመረጠው ለየቦታው ነው።

ፍሌክስ፣ ማለትም ዲስክ እያሽከረከረ የሚሞርደው የእጅ ማሽን፣ በየጋራዡ አለ። ርካሽና ፈጣንም ነው። ጣጣው ያለው በሚገጠምለት ዲስክ ላይ ነው። የብየዳ መሞረጃው ድንጋይ ቀለሙን ብቻ አይደለም የሚያነሳው፣ ላሜራውንም ይበላዋል። የመኪና ላሜራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። 404 ለብቻው የቆመ ቻሲስ የላትም፤ ሸክሙን የሚችለው ቦዲዋ ራሱ ነው። ስለዚህ ወለሏን ወይም የበሮቿን ስር ማሳሳት አቅሟን መንሳት ነው። ለቀለም ማንሻ የተሠራ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ለስላሳ ዲስክ አለ፤ እሱን ጠይቁ። እሱም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ላሜራው ይግልና ይጣመማል። የድሮ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን ያለ ደህና ማስክ መተንፈስ አይገባም።

ለኮፈን፣ ለጣሪያና ለበር እኔ የምመርጠው ማስለቀቂያ ኬሚካል ነው። ላሜራውን አያግልም፣ አያሳሳም። መጀመሪያ ቀለሙ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይጫጫራል። ከዚያ ኬሚካሉ ወፈር ተደርጎ በአንድ አቅጣጫ ይቀባል፤ እየመላለሱ ማሸት የለም። ትንሽ ቆይቶ ቀለሙ ይነፋል፣ ይሸበሸባል። በስፓቱላ ሲገፉት እየተጠቀለለ ይነሳል፣ ከስሩም የቀድሞው ቀለም ብቅ ይላል። ንብርብሩ ብዙ ከሆነ ይደገማል። ድሬዳዋ ላይ ዋናው ጠላት ፀሐይ ናት፤ ኬሚካሉ ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቃል። በማለዳ፣ በጥላ ሥር፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ይሠራ። ወፍራም ስቱኮ ግን በኬሚካል ብቻ አይለቅም፤ የቀረውን በዲስክ መጨረስ ግድ ነው።

ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ማስለቀቂያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ገድሏል፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ሥራውም ውጭ ይሁን። ሌላው፣ በላሜራ መጋጠሚያዎች ውስጥ የተረፈ ኬሚካል በኋላ አዲሱን ቀለም ያስነሳል። ስለዚህ ጣሳው በሚያዘው መሠረት በደንብ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ።

ሳንድብላስት፣ ማለትም አሸዋ መሰል ፍሬ በአየር ግፊት መርጨት፣ ዝገት የሚያወጣበት ጉልበት ወደር የለውም። ለቸርኬ፣ ለወፋፍራም የእግር ብረቶችና ለፓራፋንጎ ውስጠኛው ክፍል እሱን ምረጡ። ሰፊና ዝርግ ላሜራ ላይ በከፍተኛ ግፊት ሲለቀቅ ግን ያጣምመዋል፤ አንዴ የተጣመመ ኮፈን ደግሞ የባትላሜራ ፈተና ነው። አሸዋው በቦዲው ክፍተቶች ውስጥ ይደበቅና ቀለም ሲረጭ ብቅ ይላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሠራተኛው ሳንባ ነው። ከድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ የተዛቀ አሸዋ ርካሽ መሆኑ አያታልላችሁ። የወንዝ አሸዋ ሲሊካ አለው፤ ብናኙ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። የሳንድብላስቱ ባለቤት በወንዝ አሸዋ ፈንታ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የሚረጭ ፍሬና አየር የሚገባበት የራስ ሽፋን ከሌለው ሥራውን አትስጡት።

በየትኛውም መንገድ ይሁን፣ ራቁቱን የቀረ ላሜራ ማደር የለበትም። ሐረር በክረምት እርጥበቱ አይጣል ነው። ድሬዳዋ ደረቅ ብትሆንም የእጅ ላብ ብቻውን ዝገት ይጠራል። ላሜራውን ከዝገት የሚጠብቀው የመጀመሪያ ቅብ፣ ኤፖክሲ ፕራይመሩ፣ ተገዝቶ ሳይቀመጥ ማንም ቀለሟን እንዳይነካ። ዋጋ ስትነጋገሩም ሥራው በክፍል በክፍል እንዲሆን ተስማሙ፦ ዛሬ ኮፈኑ ከለቀቀ ዛሬውኑ ይጸዳል፣ ዛሬውኑ ፕራይመር ይቀባል። ሌላው ክፍል ነገ ይደርሳል።