በጅማ ቤተ መጻሕፍት ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለሚዋሱ አንባቢዎች

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለቤተ መጻሕፍት አንባቢ ሲመረጥ ከመጽሐፉ ዝና የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በውሰት ጊዜው ውስጥ ተነብቦ ማለቁ ሲሆን ሌላው ቋንቋው ነው። ጅማ ላይ ብዙው አንባቢ እንግሊዝኛን የያዘው ከአፋን ኦሮሞና ከአማርኛ በኋላ በመሆኑ፣ በየገጹ መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ ልቦለድ ምንም ያህል ቢወደስ ልብ ሰቀላው መንገድ ላይ ይበርዳል። የቅርብ ዓመታትን የወንጀልና የምርመራ ልቦለዶች በዚህ መስፈርት ስመዝን፣ ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ብዙ የሚወራላቸውን የአሜሪካና የእንግሊዝ መጻሕፍት ሳይሆን ሁለት የናይጄሪያ ሥራዎችን ነው።

የመጀመሪያው የኦይንካን ብሬይትዌይት «ማይ ሲስተር፣ ዘ ሲሪያል ኪለር» ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሞ በማግስቱ ዓመት ቡከር የተባለው ታዋቂ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ሽልማት የመጀመሪያ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ የገባው ይህ ልቦለድ፣ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና ከመነሻው ይነግረናል። የሌጎሷ ነርስ ኮሬዴ ከታናሽ እኅቷ ከአዮላ ስልክ ይደወልላታል፤ አዮላ ፍቅረኛዋን ገድላለች። ኮሬዴ በረኪናዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ደሙን ትፈገፍጋለች፣ ሬሳውንም አብራ ታስወግዳለች። እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ ሟቹ ሦስተኛ ነው። «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ እንዲህ በጠዋቱ ከተመለሰ በኋላ አንባቢውን እስከ መጨረሻው የሚይዘው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ኮሬዴ በልቧ የምትወደው የሆስፒታሉ ሐኪም ውቧን አዮላን አይቶ ልቡ ሲሸፍት፣ ታላቅየዋ የእኅቷን ገመና እስከ የት ድረስ ትሸፍናለች?

ለዚህ ጥያቄ የእኛ አገር አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። «ታላቅ ነሽ፣ ቻይው» እየተባለች ያደገች ሴት ሁሉ የኮሬዴን ድካም ታውቀዋለች፤ የቤት ጉድ አደባባይ አይወጣም የሚለውም ልማድ ለሌጎስ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ደራሲዋ የአባትየውን ጭካኔ በምልሰት ጥቂት በጥቂት እየገለጠች ስትሄድ፣ የእኅትማማቾቹ መተሳሰር ከየት እንደመጣ እንረዳለን እንጂ ይቅር እንድንላቸው አንገደድም። ኮሬዴ ምሥጢሯን የምታወራው ራሱን ስቶ ለተኛ ሕመምተኛ መሆኑም በቀልድ የተለወሰ ግሩም ፈጠራ ነው። ምዕራፎቹ እጅግ አጫጭር፣ ዐረፍተ ነገሮቹም ጥርት ያሉ ስለሆኑ፣ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ የንባብ አዳራሹ ውስጥ ያገተው ሰው ካፊያው እስኪያባራ ድረስ ብዙ ሊጓዝ ይችላል። ጉድለት ካልሁት፣ ፖሊሶቹ በስሱ ተሥለዋል፤ መያዝ የሚባለው ስጋት በሚገባው መጠን አልከበደም።

ሁለተኛው የፌሚ ካዮዴ «ላይትሲከርስ» ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ደራሲው በሥነ ልቦና የሠለጠነ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዶክተር ፊሊፕ ታይዎም ከአሜሪካ የተመለሰ የወንጀል ሥነ ልቦና ምሁር ነው። በፖርት ሃርኮርት አቅራቢያ በምትገኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሦስት ተማሪዎች «ሌቦች ናችሁ» ተብለው በሕዝብ ፊት ተገድለዋል፤ ግድያውም በስልክ ተቀርጾ ተሰራጭቷል። ገዳዮቹ በቪዲዮ እየታዩ ነው፤ ያልታወቀው ምክንያቱ ነው። ከሟቾቹ የአንዱ አባት ታይዎን የሚልከው ይህንኑ «ለምን?» እንዲመልስለት ነው። ልቦለዱ መነሻ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2012 «አሉ» በተባለች የናይጄሪያ መንደር አራት የፖርት ሃርኮርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመንጋ የተገደሉበትን እውነተኛ ድርጊት ነው።

ይህን መጽሐፍ ለጅማ በተለይ የምመክረው ከተማችንም ከዩኒቨርሲቲዋ ጋር ተጎራብታ የምትኖር በመሆኗ ነው። ተማሪው ከነዋሪው ቤት ይከራያል፣ ከነዋሪው ይገበያል፣ ሆኖም ለብዙ ጊዜ እንግዳ ሆኖ ይቆያል። ካዮዴ ከሁሉ የተዋጣለት ይህንን መተያየት በማሳየት ነው፤ ከተማው ስለ ተማሪው የሚያወራውን፣ ተማሪው ስለ ከተማው የሚያስበውን፣ ሁለቱም ለመርማሪው የማይነግሩትን። በሂርማታ ገበያ መካከል «ሌባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ከሚጠይቀው ይልቅ የሚሮጠው ሰው እንደሚበዛ ያየ አንባቢ ብዙ ገጾችን በፍርሃት ያነባል። ታይዎ ራሱ ለአካባቢው ቋንቋና ልማድ ባዳ ስለሆነ ብዙ ነገር ይስታል፤ ሾፌርና መሪ ሆኖ የተመደበለት ቺካ ባይኖር ምርመራው አንድ እርምጃ ባልተራመደ ነበር። በየመሃሉ የሚገቡት የአንድ ያልታወቀ ሰው ሐሳቦች እንደ ንግር፣ ማለትም የሚመጣውን አስቀድሞ እንደሚጠቁም ምልክት፣ የተቀመጡ ናቸውና ሳይዘለሉ በጥሞና ቢነበቡ መልካም ነው። የግድያው አገላለጽ ግን የከበደ በመሆኑ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባይሰጥ እመርጣለሁ። የታይዎ ሁለተኛ ምርመራ «ጋስላይት» እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል፤ የአንድ ታዋቂ ጳጳስ ሚስት መሰወርን ይከተላል፤ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ቢነበብ ይሻላል።

ከአሜሪካዎቹ «ዘ ሃውስሜይድ» ብዙ የሚጠየቅ ነው። ደራሲዋ ፍሪዳ ማክፋደን ሐኪም ናት፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሞ በ2025 መጨረሻ ፊልም ሆኗል። ከእስር የወጣች ሴት በሀብታሞች ቤት ሠራተኛ ሆና ትቀጠራለች፤ የምትተኛበት የጣሪያ ሥር ክፍል የሚቆለፈው ከውጭ በኩል ብቻ ነው። ቋንቋው ቀላል፣ ፍጥነቱም የሚያስደስት ነው፤ ከመለሱት በኋላ ግን ከገጸ ባሕርያቱ አንዱም አብሮ አይከርምም። የአሌክስ ማይክሊዲስ «ዘ ሳይለንት ፔሸንት» (እ.ኤ.አ. 2019) ባሏን በጥይት ገድላ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ሠዓሊንና ሊያናግራት የሚጥር የሥነ ልቦና ሐኪምን ይዞ ይነሣል። መነሻው ድንቅ ነው፤ የመጨረሻው መገለባበጥ ግን ጊዜን ከአንባቢ በመሸሸግ የተገኘ ስለሆነ ለእኔ ከብልሃት ይልቅ ማታለል ይመስለኛል። ብዙ ወዳጆች በዚህ እንደማይስማሙኝ አውቃለሁ።

የሊዝ ሙር «ዘ ጎድ ኦፍ ዘ ዉድስ» (እ.ኤ.አ. 2024) በሥነ ጽሑፋዊ ጥራቱ ከእነዚህ ይልቃል። እ.ኤ.አ. በ1975 ክረምት ከአንድ የልጆች የዕረፍት ጊዜ ሰፈር የባለጸጋ ልጅ ትጠፋለች፤ ወንድሟም ከዓመታት በፊት በዚያው ጫካ ጠፍቶ ቀርቷል። ወደ 500 ገጽ የሚጠጋና በዘመናት መካከል የሚመላለስ ስለሆነ፣ የመመለሻ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ውሰቱን ለማሳደስ ያሰበ ሰው ቢወስደው ይበጃል።

በአማርኛ ብቻ ለሚያነቡ የማቀርበው አዲስ መጽሐፍ አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ከታተመ ወዲህ ዘመናት ቢያልፉም፣ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራን የሞሏት ሰላዮች፣ ሹማምንትና ፍቅረኞች ዛሬም ልብ ያንጠለጥላሉ። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሞ ለውጭው ዓለም አንባቢ ደርሷል። ትርጉሙን የምመክረው አማርኛ ለማያነቡ የዩኒቨርሲቲው እንግዶች ሲሆን፣ ሌላው አንባቢ ዋናውን ይዋስ።