«አማርኛው ጠፍቷል» ሲሏችሁ ቀብድ አትስጡ

ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ ሱቅ ያላችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡ። እህቴ ለገሀር አካባቢ ትንሽ ክሊኒክ አላት። ኮምፒውተሩ ሲቀየር የታካሚዎቹ ስም የማይነበብ ሆነ፣ ጭረት ያለበት የፈረንጅ ፊደልና የዲግሪ ምልክት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ። የጠራችው ባለሙያ አየት አድርጎ «ዳታው ተበላሽቷል፣ ከወረቀት ካርዱ እንደ አዲስ ይጻፋል» አላት። ሂሳቡ በእያንዳንዱ ስም ነው። ቀብዱንም ተቀበለ።

ስሞቹ ግን አልጠፉም ነበር! ዳታቤዝ (የኮምፒውተሩ መዝገብ) ውስጥ የሚቀመጠው ባይት፣ ማለትም እንደ ኢ1 ያለ ኮድ፣ እንጂ ፊደል አይደለም። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚጽፈው የኮድ ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ሁሌም ኢ1 ነው። «አበበ» 9 ባይት ነው፤ ኢ1 8ኤ ኤ0፣ ከዚያ ኢ1 89 ኤ0 ሁለት ጊዜ። ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም እስከ እ.ኤ.አ. 2018፣ ስሪት 8.0 እስኪመጣ ድረስ፣ ካልነገሩት በቀር ጽሑፉን ላቲን-1 (ለፈረንጅ ፊደል ብቻ የተሠራ ኮድ) ነው ብሎ ይወስድ ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ የፈረንጅ ፊደል ያሳያችኋል። መፍትሔው ዳታቤዙ በራሱ እንዳይተረጉም ከልክሎ ባይቱን እንዳለ ማውጣትና በዩቲኤፍ-8 ማንበብ ነው። እኔ እንደዚያ ሳወጣው ስሞቹ ከነአባታቸው ቁጭ ብለዋል።

የሚያንገበግበው ሌላው ነው። የመድኃኒት አለርጂ የተመዘገበበት ሠንጠረዥ ደህና ነበር። ሰውዬው እሱንም «ላስተካክል» ብሎ በላቲን-1 ገልብጦ አወጣው፣ መልሶ ጫነው፣ ዋናውን አጠፋው። ላቲን-1 የአማርኛ ፊደል ስለሌለው በያንዳንዱ ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት ተክቷል። ባይቱን ሳወጣው 3ኤፍ፣ 3ኤፍ፣ 3ኤፍ ብቻ ነው፤ ይሄ የእውነት የጥያቄ ምልክት ነው፣ ከሱ የሚመለስ ነገር የለም። አሁን እህቴ የፔኒሲሊን አለርጂ ያለበትን ታካሚ እንደ አዲስ እየጠየቀች ነው። በሰው ሕይወት ላይ እንዲህ ይቀለዳል?

ስለዚህ ማንም ሰው ሳይነካው በፊት ባክአፕ (የዳታውን ሙሉ ቅጂ) አስወስዱና ፍላሹን እናንተ ያዙት። ከዚያ «የአንድ ስም ጥሬ ባይት አሳየኝ» በሉት። ኢ1 እየደጋገመ ከመጣ አማርኛችሁ አለ። በሲ3 ኤ1 ከጀመረም ብዙውን ጊዜ ሁለቴ የተቀየረ ነው፣ ይመለሳል፣ ተስፋ አትቁረጡ። ማሳየት ካልፈለገ ወይም ካልገባው ሌላ ሰው ፈልጉ። ክፍያውም በስም ሳይሆን በሥራው ይሁን፣ «በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ አልሠራም» የሚል ቃልም በጽሑፍ አስፈርሙት።