ሳያስይዙ የሚገኝ ጠረጴዛ፦ በዲዝኒ ወርልድ ምግብ ቤቶች ላይ ከድሬዳዋ የተጻፈ ግምገማ

በነሐሴ ወር እናቴን፣ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ቨርጂኒያ የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ሄጄ ነበር። እህቴ ልጆቹን ደስ ለማሰኘት ብላ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ወደሚገኘው፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ወደተባለው የመዝናኛ ፓርኮች ስፍራ ወሰደችንና አምስት ቀን ቆየን። ጉዞው የተቆረጠው በዚያው ሳምንት ስለነበር የመግቢያ ትኬትና ማደሪያ ከመፈለግ ያለፈ ጊዜ አላገኘንም፤ ለምሳም ሆነ ለእራት አንድም ጠረጴዛ ሳናስይዝ ነው የገባነው። ከተመለስኩ ወዲህ ከዚራም ሆነ ሳቢያን በሚባሉት የድሬዳዋ ሰፈሮች ያገኘኋቸው፣ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚዘጋጁ ብዙ ሰዎች፣ «እዚያ ቀድሞ ያላስያዘ ሰው ተቀምጦ አይበላም የሚባለው እውነት ነው ወይ?» እያሉ ስለጠየቁኝ፣ ያየሁትን በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። መልሴ፣ ተቀምጦ መብላት ይቻላል፣ ሰዓቱን ላወቀ ሰው ደግሞ ብዙም አያስቸግርም የሚል ነው።

በመጀመሪያ ወሬው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አስተናጋጅ ታዞ የሚመገቡባቸው የዲዝኒ ምግብ ቤቶች ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ማስያዝን ይፈቅዳሉ፤ በድርጅቱ ሆቴሎች ውስጥ የሚያድር እንግዳ ደግሞ በዚያች በ60ኛዋ ቀን ማለዳ እስከ 10 ቀን ድረስ ያለውን የቆይታውን ጊዜ በአንድ ላይ ማስያዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ስማቸው የገነነው ቤቶች፣ በተለይም ማጂክ ኪንግደም በተባለው ፓርክ ግንብ ውስጥ ያለው የሲንደሬላ ማዕድ የሚባለው ቤት፣ ገና ሁለት ወር ሲቀረው ይሞላሉ። ዘግይቶ የደረሰ ሰው ስልኩን ከፍቶ «ቦታ የለም» የሚለውን ሲያይ ተስፋ የሚቆርጠውም ስለዚህ ነው። ሆኖም በአብዛኞቹ ቤቶች ያስያዘ ሰው ከቀጠሮው 2 ሰዓት በፊት ከሰረዘ ምንም አይከፍልም፤ ከዚያ ከዘገየ ወይም ከቀረ ግን በአንድ ሰው 10 ዶላር ይቆረጥበታል። ቤተሰብ ደግሞ ይደክማል፣ ልጅ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ዝናብ ይመጣል፤ እናም ቅጣቱ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጠረጴዛ ይለቀቃል። ጠዋት «የለም» ያለው የዲዝኒ የስልክ መተግበሪያ ከቀትር በኋላ ጠረጴዛ ሲያሳየን የደረስንበት ነገር ይህ ነው። ለእራት ያሰባችሁትን ቤት ከሰዓቱ 2 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ደጋግማችሁ እንድታዩ እመክራለሁ።

ግምገማዬ በዋናነት የሚመለከተው ግን ይህን ሳይሆን ላላስያዙ ሰዎች የተዘጋጀውን የተጠባባቂዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚገኘው በድርጅቱ የስልክ መተግበሪያ ላይ ነው። ወደ ምግብ ቤቱ አካባቢ ስትቀርቡ በዚያች ሰዓት ተጠባባቂ የሚቀበሉ ቤቶች ይታያሉ፤ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ታስገባላችሁ፤ ስንት ደቂቃ ሊያስጠብቅ እንደሚችል ይነግራችኋል፤ ጠረጴዛው ሲዘጋጅም መልእክት ይደርሳችኋል። እስከዚያው በር ላይ መቆም አያስፈልግም፤ ጥላ ፈልጋችሁ ልትቀመጡ፣ ከልጆቹ ጋር አንድ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። ስልክ ያልያዘ ሰው በሩ ላይ የቆመውን ተቀባይ ቢጠይቅም ይመዘግበዋል። በፓርኮቹ ውስጥ ዋይፋይ በነጻ ስላለ ከኢትዮጵያ ይዛችሁት በሄዳችሁት ስልክ መጠቀም ይቻላል፤ እኛ ግን መልእክቱ እንዳያመልጠን በእህቴ ስልክ ነበር የምንመዘገበው። የስልኩን ባትሪ ጠብቁ፤ በሁለተኛው ቀን ተራችን ሊደርስ ሲል የእህቴ ስልክ ጠፍቶብን እንደ አዲስ ለመመዝገብ ተገደናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓወር ባንክ ከእናቴ ቦርሳ አልተለየም።

ሰዓቱን ያስተማረን ጾሙ ነው። እናቴ የፍልሰታን ጾም እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው፤ መንገደኛ ነሽ ብንላትም ሐሳቧን አልለወጠችም። እርሷን አስቀምጦ መብላት ስለከበደን ልጆቹን ጠዋት በደንብ አብልተን፣ ቀትር ላይ ፍራፍሬ ሰጥተን፣ ዋናውን ምግብ ሁላችንም ከእርሷ ጋር በ9 ሰዓት ለመብላት ወሰንን። በፓርኩ የምሳ ግፊያ የሚበረታው ከ5:30 እስከ 7:30፣ የእራቱ ደግሞ ከ11:30 እስከ ምሽቱ 1:30 ባለው ጊዜ ነው። በመካከሉ፣ በተለይም ከ8:30 እስከ 10:30፣ የምሳው ሰው ወጥቶ የእራቱ ገና አልገባም። የእናቴ 9 ሰዓት በፈረንጆቹ ሰዓት 3:00 ማለት ነውና የገባው በዚሁ ክፍተት መካከል ነው። በአምስቱ ቀን ውስጥ በዚህ ሰዓት ተመዝግበን ከግማሽ ሰዓት በላይ የጠበቅነው አንድ ቀን ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ስለራባቸው በ6 ሰዓት ሞክረን ነበር፤ ያን ጊዜ ያየናቸው ቤቶች አብዛኞቹ ዝርዝሩን ጭራሽ ዘግተውት አገኘን። ጾም የሌለበት ሰውም ቢሆን ይህን ሰዓት ቢመርጥ ይጠቀማል። የፍሎሪዳ ሙቀት በነሐሴ ከድሬ ሙቀት ይብሳል ለማለት ይከብደኛል፤ የእነርሱ ግን እርጥበት የበዛበት ነው፣ ከሰዓት በኋላም ዶፍ ይወርዳል። ድሬ ላይ ቀትር ሲበረታ ቤት ገብተን እንደምናርፈው ሁሉ እዚያም ያቺን ሰዓት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መብላት ለሽማግሌም ለሕፃንም ጤና ነው።

ከተመገብንባቸው ሁሉ ልቤ የቀረው ሳና የሚባለው ቤት ነው። የሚገኘው ከፓርኮቹ ውጭ፣ አኒማል ኪንግደም ሎጅ በተባለው ሆቴል ኪዳኒ ቪሌጅ በሚሉት ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ ለመብላት የሆቴሉ እንግዳ መሆን አያስፈልግም፣ ከፓርኮቹም ወደ ሆቴሉ በነጻ አውቶቡስ ይኬዳል። ብዙ ሰው ከፓርኩ መውጣትን ስለሚሰንፍ ያላስያዘ ሰው እዚህ ጥሩ ዕድል አለው። በትላልቆቹ መስኮቶች በኩል ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሣር ሲግጡ ይታያል፤ ልጆቼ መጀመሪያ ምግቡን ረስተው ነበር። ቤቱ የታወቀበት የቂጣ ማዕድ ነው፤ የሕንድ ዓይነት ትኩስ ቂጣዎች ከዘጠኝ ዓይነት ማጣፈጫ ጋር ይቀርባሉ። ሁሉም በእጅ እየቆረሰ ከአንድ ሰሌዳ ስለሚያጠቅስ፣ ከሄድን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ማዕድ ላይ እንደቀረብን ተሰማን። ከጎምዛዛው ፍሬ ከሁመር የተሠራውን ልጆቹ ወዲያው ለዩት፤ ከቀይ ቃሪያ የተፈጨው ደግሞ ዳጣ ለለመደ ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም፣ የነጭ ሽንኩርቱ ግን ኃይለኛ ነው። እናቴ ጿሚ መሆኗን ስንናገር አስተናጋጁ ወተትና ቅቤ የነካውን ለመለየት ወጥ ቤት ድረስ ሄዶ ጠይቆ መጣ። ከዘጠኙ ውስጥ እርጎ ያለበትን ወደ እኛ አርቆ ከጥራጥሬ ዱቄት የሚሠራውን ስስና ደረቅ ቂጣ ለብቻው አመጣላት። ያ አስተናጋጅ እኛን ሲያስተናግድ ያሳየው ጥንቃቄ ከምግቡ እኩል የሚመሰገን ነው።

ስለ ጾም ምግብ ካነሣሁ አይቀር፣ ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለባቸውን ምግቦች በምግብ ዝርዝሩ ላይ በአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ይለያል። ምልክቱ ለእኛ ጾም ታስቦ የተደረገ ባይሆንም ለጿሚ እጅግ ይጠቅማል፤ እናቴ እንግሊዝኛ ሳታነብ ቅጠሉን እያየች በጣቷ ታዝዝ ነበር። በየቤቱ ያለው ምርጫ ግን እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ቤት አንድ ብቻ ነው ያለው። ምግብና አልኮል የሌለበት መጠጥ ከውጭ ይዞ መግባት ስለሚፈቀድ እህቴ በየቀኑ ቆሎና ዳቦ ትይዝልን ነበር፤ ብርጭቆና ጠርሙስ ግን አይገባም። የለስላሳ ማሽን ያላቸው ፈጣን ምግብ ቤቶች ሁሉ ቀዝቃዛ ውኃ በነጻ ይሰጣሉና ለውኃ ገንዘብ አታውጡ።

ፈጣን ምግብ ቤቶቹ ቀጠሮ የላቸውም። በስልክ መርጣችሁ በካርድ ከፍላችሁ የምትወስዱበትን ሰዓት ትይዛላችሁ፣ ስትደርሱም መድረሳችሁን አስታውቃችሁ በመስኮት ትቀበላላችሁ። አስቸጋሪው ምግቡን ይዞ መቀመጫ መፈለግ ነው። እዚህ ድሬ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወንበር ባዶ ካለ «ይቻላል?» ብሎ መቀመጥ የተለመደ ነው፣ ቀድሞ የተቀመጠውም «እንብላ» ይላል፤ እዚያ ግን አንድ ሰው አራት ወንበር ይዞ ቢቀመጥም ማንም አይጠጋውም። አንዳችን ምግቡን ስናመጣ ሌሎቻችን ቀድመን መቀመጫ መያዝን ተማርን።

ስድስት ሰው ሆኖ መሄድ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሚታቀፍ ሕፃን እንኳ ከቁጥር ስለሚገባ ብዛታችሁን ስትመዘግቡ አትደብቁት። ለስድስት ሰው የሚበቃ ጠረጴዛ በየቤቱ ጥቂት ስለሆነ ዝርዝሩ ለሁለትና ለአራት ሰው ክፍት ሆኖ ለስድስት ሊዘጋ ይችላል። ሁለት ጊዜ አራትና ሁለት ሆነን ተመዝግበን ጎን ለጎን ባይሆንም በአንድ ክፍል ተቀምጠናል። ስድስትና ከዚያ በላይ ለሆነ ቡድን 18 በመቶ የአስተናጋጅ ጉርሻ በሒሳቡ ላይ ራሱ ይጨመራል፤ ፓርኮቹ ባሉበት በኦሬንጅ ካውንቲ 6.5 በመቶ የሽያጭ ግብርም አለ። በምግብ ዝርዝሩ ላይ የምታዩት ዋጋ የምትከፍሉት አይደለምና አንድ አራተኛ ያህል ጨምራችሁ አስቡ። ውድ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ በአስተናጋጅ መብላታችን ኪሳችንን አድኖታል።

የተጠባባቂዎቹን ዝርዝር ጥቅም በደንብ የተረዳሁት በመጨረሻው ምሽት ከዲዝኒ ውጭ፣ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ምግብ ቤት ስንበላ ነው። ተቀባይዋ ስማችንን በወረቀት ጽፋ «20 ደቂቃ» አለችን፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምን። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው አንቀላፉ፣ እናቴ የምትቀመጥበት አጣች፣ ደጋግመን ስንጠይቅም መልሱ «አሁን ነው» ብቻ ነበር። አርባ ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ተብሎ ቢነገረን ኖሮ ሌላ ቦታ እንሄድ ነበር፤ ወይም መኪና ውስጥ እናርፍ ነበር። መጠበቁ ራሱ አላስቀየመኝም፤ የቆይታውን እውነተኛ ልክ አለማወቃችን ግን እናቴን እግር ላይ አስቁሟታል። ለዲዝኒው ዝርዝር ከፍተኛ ግምት የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተባለው ጊዜ ትንሽ ቢያልፍ እንኳ የት እንዳለን እናውቅ ነበር።

ስመለስ ያሰብኩት ስለ ቁልቢ ነው። በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 የገብርኤል በዓል ሰሞን ከየአገሩ የመጣው ምእመን ድሬዳዋንና ሐረርን ሲሞላ፣ ሌላ ጊዜ ገብተን የምንቀመጥባቸው ቤቶች በር ላይ ሽማግሌዎችና ሕፃን ያዘሉ እናቶች ቆመው ይውላሉ። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይራባል፤ ቦታ መቼ እንደሚገኝ የሚነግረውም የለም። ይህን ከዚራ ውስጥ ምግብ ቤት ላላቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለማውቃቸው አንድ ጋሼ ነገርኳቸው። መተግበሪያ አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና አንድ ስልክ ይበቃል፤ ስም፣ የሰው ብዛትና ስልክ ቁጥር ጽፎ፣ እውነተኛውን ሰዓት ነግሮ፣ ጠረጴዛው ሲለቀቅ መደወል ነው አልኳቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «አቦ፣ ደዋዩ ማን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። ለዚያች ሁለት ቀን ደብተሩን የምትይዝ አንዲት ልጅ እንደሚመድቡና በመጪው ታኅሣሥ እንደሚሞክሩት ነግረውኛል፤ እኔም የመጀመሪያውን ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ላሳያት ቃል ገብቻለሁ።