በትርጉም ክፍሎቻችን በር ላይ ሳምንቱን ሙሉ ለቆሙት አዛውንት ባልና ሚስት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሶልት ሌክ ሲቲ በሚካሄደው የቤተክርስቲያናችን አጠቃላይ ጉባኤ የቋንቋ አስተርጓሚዎችን እንዲረዱ ተመድበው ላገለገሉ አንጋፋ ሚስዮናውያን ባልና ሚስት ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ነው። ከምስጋናው ጋር፣ የእነሱ ዓይነት ረዳት ለሚያስፈልገው የትርጉም አስተባባሪ ሁሉ ጥቆማ መስጠት እፈልጋለሁ። ስማችን አይጠቀስ ብለው ስለ ለመኑኝ አልጠቅስም። በአማርኛው ቡድን ዘንድ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ «አባባ» እና «እማማ» ስለነበሩ እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ። በቤተክርስቲያኒቱ ልማድ ሚስዮናውያን «ሽማግሌ» እና «እህት» እየተባሉ ከቤተሰብ ስማቸው ጋር ይጠራሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት «እህት» ብሎ ለመጥራት ግን ከመካከላችን የደፈረ አልነበረም።

ጉባኤውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኤፕሪልና ኦክቶበር በገቡ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 አገልግሎት በጀመረውና 21,000 ያህል ሰው በሚይዘው የጉባኤ ማዕከል ዓለም አቀፍ ስብሰባ ታካሂዳለች። በየመድረኩ የሚደረገው ንግግር ከ90 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች ይተረጎማል፤ አማርኛም አንዱ ነው። የጠዋቱ ስብሰባ በዩታ ሰዓት ረፋድ ላይ ሲጀመር አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ የከሰዓቱ ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ይጀምርና እኩለ ሌሊትን አልፎ ያበቃል። በቀጥታ መከታተል የሚፈልገው የአገር ቤት አድማጭ እንቅልፉን ትቶ ነው የሚጠብቀን፤ ስለዚህ በማዳመጫው የሚገባው ድምፅ የጠራ፣ ንግግሩም ያልተቆራረጠ እንዲሆን ማድረግ የእኛ ግዴታ ነው። አባባና እማማ ይህን ግዴታ ከአብዛኞቻችን በተሻለ ተረድተውት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በትርጉም ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ከውጭ ያለ ሰው ብዙም አያውቀውም። ተናጋሪው እየተናገረ ጎን ለጎን የሚሄደው ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1945 በተከፈተው የኑረምበርግ የጦር ወንጀል ችሎት በሰፊው ከተሠራበት ጊዜ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተሻሽሏል፤ የሰው አእምሮ ግን ያው የድሮው ነው። በሙሉ ትኩረት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ስለሚደክም ሥራው በተራ ይያዛል። አማርኛ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ግሱ ቀድሞ ይደርስና አስተርጓሚው እሱን በልቡ ይዞ፣ የቀረውን ሁሉ አስቀድሞ እየደረደረ፣ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል። ልክ በዚህ መካከል በሩ ቢንኳኳ፣ ወይም አንድ ሰው አንገቱን አስግጎ ቡና ትፈልጋላችሁ ብሎ ቢጠይቅ፣ ማሰሪያው ይጠፋል፤ አድማጩም ባለቤቱን ሰምቶ ድርጊቱን ሳይሰማ ይቀራል። (በነገራችን ላይ በእኛ ቤተክርስቲያን ቡና አይጠጣምና ይህ ምሳሌ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።)

በሌሎች መድረኮች ላይ ሠርቼ ስለማውቅ ማወዳደር እችላለሁ። የንግግሩን ጽሑፍ የሚያቀብል ሰው የሌለበት፣ ክፍሉ መድረኩ ከማይታይበት ምሰሶ ጀርባ የተተከለበት፣ አስተባባሪ የተባለው ሰው ስብሰባው ሲጀመር ከእንግዶቹ ጋር የሚቀመጥበት ትልቅ ስብሰባ ገጥሞኛል። የማንነቱን መናገር አያስፈልግም፤ በዚህ ሙያ ያለ ሁሉ የራሱ ትዝታ አለው። ለማለት የፈለግሁት አስተርጓሚን መርዳት ማለት በተለምዶ ውኃ ማቅረብና ፈገግ ማለት ተደርጎ መወሰዱን ነው። አባባና እማማ ግን ከሰኞ ጀምረው የሠሩት ሥራ ሌላ ነበር።

እማማ በሥራ ዘመናቸው የትምህርት ቤት ነርስ ነበሩ። በሳምንቱ መጀመሪያ ቡድናችን ለልምምድ ሲሰበሰብ አንዲት ትንሽ ደብተር ይዘው መጡና እያንዳንዳችን ስማችንን ራሳችን እንድንጠራላቸው ጠየቁን። ሰምተው እንደሚሰሙት አድርገው በራሳቸው ፊደል ጻፉት፤ ደጋግመው አሉት፤ እስክንስማማ ድረስም አልተውትም። ቀጥለው ድምፃችንን ለመለየት ሁላችንም ጥቂት መስመር እንድናነብ ለመኑን። የዚህ ጥቅሙ የገባኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት ማዳመጫ አድርገው የቋንቋዎቹን ቻናል ተራ በተራ ሲፈትሹ፣ በእኛ ቻናል ላይ የሚሰማው ድምፅ የሌላ ቡድን መሆኑን የለዩት እሳቸው ናቸው። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ የእኛን ድምፅ ግን ያውቁ ነበር። የድምፅ ባለሙያዎቹ ወዲያው አስተካከሉት፤ አገር ቤት ሆኖ የሚጠብቀን ሰውም ምንም ሳያውቅ ስብሰባው በሰዓቱ ጀመረ።

አባባ ደግሞ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ስምሪት ኃላፊ ሆነው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ሥራው የሰጣቸው ልማድ በግልጽ ይታያል፤ ማን በስንት ሰዓት የት መሆን እንዳለበት ሳያዩ ያውቁታል፣ አርፍዶ የመጣን ሰው ግን በቁጣ አይቀበሉም። በየቡድኑ በር ላይ የሚለጥፉት የተራ ሰንጠረዥ ትልልቅ ፊደል ያለው፣ ከሩቅ የሚነበብ ነበር። አንድ ንግግር አልቆ መዝሙር ሲጀመር መግቢያው ላይ ይቆሙና ቀጥሎ ባለተራ የሆነውን ሰው በዓይናቸው ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙት ራሳቸውን ነቀነቅ ያደርጋሉ እንጂ አይጠሩትም።

ከሁሉም በላይ ማንሳት የምፈልገው የተቀየሩትን ገጾች ነው። ለጉባኤው የሚቀርቡት ንግግሮች አስቀድመው በጽሑፍ ስለሚደርሱን ከመድረኩ በፊት አንብበን እንዘጋጃለን። ነገር ግን ተናጋሪ ሰው ነውና እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ያሻሽላል፤ አንድ አንቀጽ ይወጣል፣ አንድ ታሪክ ይገባል፣ ጥቅስ ይለወጣል። አዲሱ ገጽ በወቅቱ ካልደረሰ አስተርጓሚው አሮጌውን እያነበበ አዲሱን ይሰማል፤ ከዚህ የከፋ መደናገር በዚህ ሥራ ውስጥ የለም። አባባ ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። የተቀየረው ገጽ በቀለም ወረቀት ይታተማል፣ የተለወጠው መስመር በኅዳጉ ላይ ይሰመርበታል፣ አሮጌው ገጽ ደግሞ አዲሱን በሰጡበት ቅጽበት ከእጃችን ይወሰዳል። «ሁለቱ አብረው ጠረጴዛ ላይ ማደር የለባቸውም» ይሉ ነበር። የወሰዱትንም ቆጥረው ይመልሳሉ፤ ጽሑፎቹ ከመድረክ ላይ ከመነገራቸው በፊት ከሕንፃው መውጣት ስለሌለባቸው አንድ ገጽ ብትጎድል እስክትገኝ ድረስ አይቀመጡም። አንድ ጊዜ የጎደለችው ገጽ ከአንዱ ባልደረባችን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተገኘች፤ አባባ ገጿን ተቀብለው፣ ቦታው መልካም ነበር፣ አሉና ሄዱ።

ክፍሉ ጠባብና የታሸገ መሆኑን ያገናዘቡበት መንገድም የሚደንቅ ነው። እማማ ሳምንቱን በሙሉ ሽቶ አልተቀቡም። በሩ አጠገብ ባለች መደርደሪያ ላይ አንዲት ዝርግ ሳሕን አስቀምጠው የእጅ አምባርን፣ ቁልፍንና ሳንቲምን እየተቀበሉ ያኖሩ ነበር፤ ማይክ የአምባርን ኳኳታ ከሰው ድምፅ እኩል እንደሚያስተላልፍ ብዙ ሰው አያውቅም። የምታቀርቡት ውኃ ለብ ያለ ይሁን፣ በረዶ ጉሮሮን ያስራል፣ ጠርሙሱም ሲጨመቅ የማይንኮሻኮሽ ይሁን ብለው ለሌሎቹ ረዳቶች ያስረዱትም እሳቸው ናቸው። ከመካከላችን አንዷ ቅዳሜ ማታ ድምፅዋ መሻከር ሲጀምር፣ በጨዋ ደንብ ነገር ግን በማያወላዳ ቃል፣ እስከ ማግሥቱ ጠዋት በሹክሹክታ እንኳ እንዳትናገር ከለከሏት። ሹክሹክታ ድምፅን ያሳርፋል ብዬ አስብ ነበር፤ እንዲያውም ጅማቱን እንደሚያደክም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ያላደረጉትንም መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም ረዳትነት ግማሹ አለማድረግ ነው። ከስብሰባ ስንወጣ እንዴት ነበር ብለው አልጠየቁንም። ከአንዱ ቋንቋ ቡድን ጋር ሌላውን አላወዳደሩም። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ስለ አገሩ እንዲያወራቸው አልጎተጎቱትም። የመስተንግዶ ፍቅር ያለው ሰው ይህን ሁሉ መተው ምን ያህል እንደሚከብደው የሚያውቅ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ግን እኛው ጠይቀናቸው ተጫወትን። ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ሲሰሙ እማማ ስለ እ.ኤ.አ. 1985 አነሱ። በአገራችን ረሃብ በጸናበት በዚያ ወቅት፣ ጃንዋሪ 27 ቀን የቤተክርስቲያኒቱ አባላት በአሜሪካና በካናዳ ልዩ ጾም እንዲጾሙና ያልበሉትን ዋጋ እንዲለግሱ ተጠርተው፣ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰቡ የታወቀ ነው። እማማና አባባ ያን ጊዜ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ እነሱም ጾመው ነበር። ይህን የተናገሩት ውለታ ለማስቆጠር አልነበረም፤ እንዲያውም አባባ ጉዳዩን ቶሎ ወደ ተራ ሰንጠረዡ መለሱት። ከእኛ መካከል አንዱ በዚያ ዓመት ወሎ ውስጥ ሕፃን ነበር። ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል አባባ ምን ሊሆን እንደሆነ ስላልገባቸው ደንግጠው፣ የወደቀ ነገር ያነሣ መስሏቸው አብረው ጎነበሱ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ነገሩ ሲብራራላቸው አብረው ሳቁ።

አሁን ወደ ጥቆማው ልመለስ። እነዚህ ሰዎች ደመወዝተኞች አይደሉም። በቤተክርስቲያናችን አንጋፋ ሚስዮናውያን ባልና ሚስት ሆነው ሲያገለግሉ የቤት ኪራያቸውንም ሆነ የምግባቸውን ወጪ የሚሸፍኑት በራሳቸው ነው፤ የአገልግሎት ዘመናቸውም ከወራት እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቅጠሯቸው ልል አልችልም። በአስተባባሪነት ላይ ላላችሁ ግን የምለው አለኝ፤ አንጋፋ ሚስዮናውያን ሲመደቡላችሁ እንደ አባባና እማማ ያሉትን እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጧቸው። ሥርዓት የለመደ፣ ዝምታን የማይፈራ፣ የሌላው ሰው ሥራ ጎልቶ ሲወጣ ደስ የሚለው አዛውንት ካገኛችሁ ወደ አስተርጓሚዎቹ ላኩት። የእኛ ቤተክርስቲያን አባል ያልሆናችሁ፣ ነገር ግን በየቤተ እምነታችሁና በየማኅበራችሁ በብዙ ቋንቋ ስብሰባ የምታዘጋጁም ብትሆኑ፣ ከጡረተኛ መምህራኖቻችሁና ነርሶቻችሁ መካከል ይህን ሥራ በደስታ የሚይዝ አታጡም ብዬ አምናለሁ፤ ቢያንስ ጠይቋቸው።

ለሚቀጥለው አስተባባሪያቸው የሚጠቅም ከሆነ፣ ስለ ሁለቱ በግልጽ የምለው ጥቂት አለኝ። አባባ ኮምፒውተር ላይ ቀርፋፋ ናቸው፤ ገጾቹን የሚያወርድላቸውና የሚያትምላቸው አንድ ወጣት አብሯቸው ይመደብ፣ ከማተሚያው በኋላ ያለውን ሁሉ ለእሳቸው መተው ይቻላል። የእማማ ጉልበት ደረጃ መውጣት አይወድም፤ ክፍሎቹ በሁለት ፎቅ ላይ ከተከፈሉ የአንዱን ፎቅ ብቻ ይስጧቸው፣ ወንበርም ይቅረብላቸው፤ ራሳቸው አይጠይቁም። ሁለቱን አትለያዩ፤ አንዳቸው ያዩትን ሌላቸው ሳይነጋገሩ ይጨርሱታል፣ ለየብቻ ሲመደቡ ግን ሥራቸው በግማሽ ይቀንሳል። የአስተርጓሚዎቹ የስም ዝርዝር ከሰኞ በፊት ይድረሳቸው፤ እማማ ደብተራቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ነው።