ባብል ቲፕ አኔሞን ለቤት አኳሪየም

የባሕር አኔሞን ልግዛ ለሚል ሰው እኔ ባብል ቲፕን ነው የምመክረው፤ ከብዙዎቹ ይልቅ ቻይ ነው። ግን አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው፣ ይሄዳል! ብርሃኑና የውሃው ፍሰት እስኪስማማው፣ እግሩንም የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እስኪተክል ድረስ ይዞራል፤ ሲዞር ያገኘውን ኮራል (ሌላ የባሕር እንስሳ ነው) ይነድፋል፣ ፓምፕ ውስጥ ገብቶም ሊቆራረጥ ይችላል። የፓምፑን መምጠጫ በስፖንጅ ሸፍኑት። አንዳንዴ ተኮማትሮ ብታገኙት ወዲያው አትደንግጡ፣ ቆሻሻውን እያስወጣ ሊሆን ይችላል። አፉ እንደተከፈተ ከቀረ ግን ያሳስባል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ በፍጹም አታስገቡት፤ ውሃው እስኪረጋጋ ቢያንስ 6 ወር ጠብቁ። ለክላውንፊሽ (አኔሞን ውስጥ የሚጠለል ዓሣ ነው) ብቻ ብላችሁም አትግዙት፣ አንዳንዱ ዓሣ ዞር ብሎም አያየውም። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ኮራሎቹን ስለሚነድፍ ነው።