በቢላ የተቀረጸ ወይስ በቅርጽ የታተመ? የጥንታዊ ቻይና ነጭ ሳህኖች ንጽጽር

አበባ ያለበት ጥንታዊ የቻይና ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ለሚፈልግ ገዢ ገበያው ላይ በብዛት የሚያጋጥሙት ሦስት ዓይነቶች ናቸው፦ በቢላ የተቀረጸው ዲንግ፣ በቅርጽ የታተመው ዲንግ እና የጂንግዴጀኑ ቺንግባይ። ፎቶ ላይ ይመሳሰላሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀራረብም።

ዲንግ በሰሜን ቻይና፣ በሄቤይ ግዛት ቹያንግ አካባቢ የተሠራ ነው። በሰሜን ሶንግ ዘመን (960–1127) ባለሙያው ከፊል በደረቀ ጭቃ ላይ ቢላውን አጋድሞ ይስብ ነበር። ስለዚህ የመስመሩ አንዱ ወገን ቀጥ ብሎ ሲወርድ ሌላው ቀስ እያለ ያዘቀዝቃል። መስታወታማው ቅብ ጥልቁ ላይ ስለሚጠራቀም የሎተስ ወይም የፒዮኒ አበባው ያለ ቀለም ጥላ ያገኛል። መስመሩ ወፍሮ ተነስቶ ቀጥኖ ያልቃል፤ ሁለት ቅጠሎችም አንድ አይሆኑም። ቅጠሎቹ ሁሉ እኩል ከሆኑ፣ መስመሩም ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱን ካልለወጠ፣ ተጠራጠሩ።

የታተመው በተለይ በጂን ዘመን (1115–1234) ተስፋፋ። ጭቃው አበባ በተቀረጸበት ጉብታ ላይ ስለሚጫን ንድፉ ሳህኑን ጥቅጥቅ አድርጎ ይሞላዋል፤ መስመሩም ለስላሳና ከፍ ያለ ነው። እዚህ መመሳሰል ጥርጣሬ አይደለም። ችግሩ ጉብታው ሲያረጅ ንድፉ መደብዘዙ ነው፤ የደበዘዘውን በሙሉ ዋጋ አይግዙ።

ሁለቱም ዲንጎች ብዙውን ጊዜ ተገልብጠው ስለሚተኮሱ ጠርዛቸው ቅብ የለውም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሻካራውን ጠርዝ የሚሸፍነው የመዳብ፣ አንዳንዴም የብር ወይም የወርቅ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ግን ኋላ የተጨመረ ሊሆንና ሽራፊ ሊደብቅ ስለሚችል ዙሪያውን በጣት ዳስሱ፤ ሻጩንም ከሥሩ ያለውን ጠይቁ።

ቺንግባይ በደቡብ ቻይና፣ በጂያንግሺ ግዛት ያለችው የጂንግዴጀን ከተማ ሥራ ነው። ዲንግ በድንጋይ ከሰል፣ አየር በሚገባበት እቶን ሲተኮስ የዝሆን ጥርስ ዓይነት ሞቅ ያለ ነጭ ይሆናል። ቺንግባይ ግን በእንጨት፣ አየር ባነሰበት እሳት ስለሚተኮስ በቅቡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ብረት ወደ ሰማያዊ ትወስደዋለች፤ የቅርጹ ጥልቅ ክፍል ላይ ሰማያዊው ይደምቃል። በጠርዝ ብቻ አትለዩት፤ በደቡብ ሶንግ ዘመን ቺንግባይም ተገልብጦ ይተኮስ ነበርና።

በ2013 ኒውዮርክ በሶዝቢስ ጨረታ ቤት ከ2.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተሸጠው የተቀረጸ ዲንግ፣ በ2007 ከግቢ ሽያጭ በ3 ዶላር የተገዛ ነበር። ይህ ዕድል እንጂ የግዢ ስልት አይደለም። ለጀማሪ የምንመርጠው የተቀረጸ ቺንግባይ ነው፤ የቢላውን ሥራ ከዲንግ ባነሰ ገንዘብ ያገኙበታል። ዲንግ ካሉ ደግሞ፣ ጠርዙ ትንሽ ቢሸረፍም የተቀረጸውን ይምረጡ፤ እንከን ባይኖረውም ንድፉ የደበዘዘውን የታተመ ይተዉ።

ከመክፈልዎ በፊት ሳህኑን በጣት ቀስ ብለው ይምቱ፤ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በአልትራቫዮሌት መብራት ይዩት፤ ጥገና ብዙ ጊዜ ለብቻው ያበራል። ከ1911 በፊት የተሠራ ቅርስ ከቻይና እንዳይወጣ ሕጉ ስለሚከለክል ዕቃው ቀድሞ ውጭ እንደነበረ የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቁ። የላቦራቶሪ የዕድሜ ምርመራ ከሳህኑ መቆሚያ ናሙና ይቦረቡራል፤ የሚመልሰውም ሳህኑ መቼ እንደተተኮሰ ብቻ ነው። አበባው በቅርቡ የተፈለፈለበት አሮጌ ልሙጥ ሳህን ምርመራውን ያልፋል። ይህን የሚያጋልጠው የ10 እጥፍ ማጉያ ነው፦ በእውነተኛው ሥራ ቅቡ ከቅርጹ በላይ ሳይቋረጥ ይፈሳል፤ በተጭበረበረው ግን የቢላው ጠርዝ ቅቡን ቆርጦታል።