ሂፕ ደምፕ ወይስ ፍላይት ሪኮርደር?

ኮምቦልቻ ላለ መጋዘን የጃቫ ሲስተም በሦስት ሰርቨር ክላስተር (እንደ አንድ ሆነው አብረው በሚሠሩ ሰርቨሮች) ታስኬዳለህ እንበል። ሜሞሪው ቀስ እያለ ይሞላል። ሪስታርት ስታደርገው ይቀንሳል፤ ከዚያ መልሶ ያው ነው። በምን ትመረምረዋለህ?

ሂፕ ደምፕ፦ ሂፑን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ኦብጀክቶቹን (የሚፈጥራቸውን ዳታዎች) የሚያስቀምጥበትን ሜሞሪ፣ ወደ ፋይል ይገለብጣል። ኤክሊፕስ ማት በሚባለው የሜሞሪ መመርመሪያ ስትከፍተው የትኛው ኦብጀክት ምን ያህል ቦታ እንደያዘ፣ ማን አልለቅም እንዳለው ታያለህ። ግን ፋይሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። ሂፑ 16 ጊጋባይት ከሆነ ሌሎቹ ሰርቨሮች «ይሄ ሞቷል» ብለው ከክላስተሩ ሊያስወጡት ይችላሉ። ስለዚህ አስቀድመህ ሥራውን ለሰርቨሮቹ ከሚያከፋፍለው ከሎድ ባላንሰሩ አውጣው። ፋይሉ ውስጥ የደንበኛ መረጃና ፓስወርድም ሊኖር ይችላል፤ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛ በቴሌግራም መላክ የለም!

ፍላይት ሪኮርደር፦ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚሆነውን እየተከታተለ ይመዘግባል። ከጃቫ 11 ጀምሮ በነፃ አብሮ ይመጣል። በተለመደው ሴቲንግ ጫናው 1 በመቶ ገደማ ነው። ሥራ ሳያቆም ለቀናት ይቀዳል። የሚወስደው ግን ናሙና ብቻ ነው።

መጋዘኑ ሌሊትም የሚሠራ ከሆነ ሪኮርደሩ ይቅደም። አንዱን ሰርቨር ማውጣት ከቻልክ ደምፑ ይሻልሃል። ሦስቱም እኩል ካበጡ፣ በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ የምጠረጥረው የሴሽን ሬፕሊኬሽኑን (የገቡ ተጠቃሚዎችን መረጃ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚገለብጠውን) ነው።